ትንሽ የጣልያን ምግብ ቤት፣ ዘመናዊ ሥዕል፣ ጎንደር፦ ምን ይታዘዝ፣ የት ይቀመጡ?

የጃንተከል ጥላ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ስለ ትንንሽ የጣልያን ምግብ ቤቶች ነው። ስምንት ጠረጴዛ የማይሞላ፣ ግድግዳው ላይ የፒዛ ፖስተር ሳይሆን የዘመኑ ሠዓሊያን ሥራ የተሰቀለበት ዓይነት። እራቱ ለአራት ሰው ነው፤ ሁለቱ ጾመኞች፣ አንዱ የአሳማ ነገር የማይነካ፣ አንዷ ደግሞ ከምግቡ ይልቅ ሥዕሉን ልታይ የምትመጣ። ሦስት ነገር ንገሩኝ። ፓስታ እዚህ ከተማ ለምን ወይ ይላሽቃል ወይ መኻሉ ጥሬ ይሆናል? ምን ማዘዝ ያዋጣል? የትኛው ወንበር ላይ ቢቀመጡ ነው ሥዕሉ የሚታየው? የቤት ስም አትጥሩልኝ፤ የትኛውም ቤት ገብቼ ራሴ መለየት ነው የምፈልገው።

ጨው በሊትር
ከውኃው እንጀምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በየ300 ሜትሩ የውኃ መፍያ በ1 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ብትጨምሪ መንተክተኩ ይብሳል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ፓኬቱ ላይ «9 ደቂቃ» ብሎ የጻፈው ፋብሪካ ያሰበው ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ነው (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፣ እሷም ደጋ ባትሆን ከፍታ ላይ ናት)። እዚህ ያው ፓስታ 11፣ አንዳንዱም 12 ደቂቃ ይጠይቃል። ሰዓቱን አምኖ በ9 ያወጣ አብሳይ መኻሉ ጥሬ የሆነ ያቀርባል።

የመላሸቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጠዋት በጅምላ ተቀቅሎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በባልዲ ተቀምጦ ትእዛዝ ሲመጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚወጣ ፓስታ ነው የሚላሽቀው። እንዲህ ታውቂዋለሽ፦ ካዘዝሽ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከመጣ በትእዛዝ የተቀቀለ አይደለም። ዘይት የተቀባ ስለሆነም ስልሱ አይይዘውም፤ ፓስታው ራቁቱን ይቀርና ቀዩ ሳህኑ ሥር ይጠራቀማል።

መጠኑ፦ ለ100 ግራም ደረቅ ፓስታ 1 ሊትር ውኃ፣ ለ1 ሊትር 10 ግራም ጨው። ድስቱ ጠባብ ከሆነ ፓስታው ሲገባ ውኃው ይበርዳል፣ ስታርቹ ይወፍራል፣ ፍሬው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ውኃው ላይ ዘይት ማፍሰስ ለመጣበቁ ምንም አይረዳም፤ ዘይቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፍና ሲጠነፈፍ ፓስታው ላይ ያርፋል፣ ስልሱም ይንሸራተታል። መፍትሔው መጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃ ማማሰል ነው።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ
ጋሼ ጨው፣ ታዲያ «አል ዴንቴ» የሚሉት ያንኑ ጥሬውን አይደለም እንዴ? ብዙ ቤት «ጥሬ ነው» ስትላቸው «አል ዴንቴ ነው» ብለው ያሳፍሩሃል።

ጨው በሊትር
አይደለም። አንዷን ፍሬ በሹካ ቁረጥና ቁራጩን ፊት ለፊት እየው። መኻሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ ነጭ ነጥብ ካለ፣ ስትነክሰውም ጥርስህን ትንሽ ተገዳድሮ ከተበጠሰ፣ አል ዴንቴ ነው። ነጩ ወፍራም ክብ ከሆነና ጥርስ ላይ እንደ ዱቄት ከተለጠፈ ጥሬ ነው፤ በትሕትና መልሰው። ደህና አብሳይ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውጥቶ መጥበሻው ላይ ከስልሱ ጋር ይጨርሰዋል፤ ከመቀቀያው ውኃም አንድ ጭልፋ ይጨምርበታል። ስልሱን ከፓስታው ጋር የሚያዋህደው ያ ጨዋማ፣ ስታርች ያዘለ ውኃ ነው።

ስንዴውም ለውጥ አለው። ፓስታ የሚሠራው ከዱረም ስንዴ ነው፤ ዱረም ደግሞ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። ለዳቦ ከሚሆነው ለስላሳ ስንዴ የተሠራ ርካሽ ፓስታ ምንም ብትጠነቀቅለት ውኃውን ያደፈርሳል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይፈራርሳል። ገና ሳይቀቀል ፈዘዝ ያለና ላዩ ዱቄት የነካው የሚመስለው በነሐስ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነው፤ ሻካራ ስለሆነ ስልስ ይይዛል። የሚያብለጨልጨው ያዳልጣል።

ረቡዕና ዓርብ
ለጾመኞቹ ደግሞ እኔ ልምጣ። «የጾም ፓስታ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው አስተናጋጅ «አዎ፣ በአትክልት» ይላል። ጥያቄው እዚያ ላይ አይቆምም።

ደረቅ እስፓጌቲ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፣ ለጾም ይሆናል። ቤት ውስጥ የተዳመጠው ትኩስ ፓስታ፣ ታሊያቴሌና ላዛኛ፣ ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ልኩ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ነው። ፔስቶ (የባዚሊኮ ቅጠል ስልስ) አረንጓዴ ስለሆነ ጾም ይመስላል፣ ግን አይብ አለበት። ሚኔስትሮኔ የአትክልት ሾርባ ይባላል እንጂ በሥጋ መረቅ የሚሠራው፣ የፓርሚጃኖ አይብ ቅርፊት የሚጣልበትም አለ። ፑታኔስካ የሚባለው የቲማቲም ስልስ ውስጥ አንቾቪ የሚባል ጨዋማ ትንሽ ዓሣ ይቀልጣል፤ ለዓይን አይታይም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አናንሣው፣ ክሩ ወር አያልቅም።)

የሚያስተማምኑት እነዚህ ናቸው፦ አራቢያታ (ቃሪያ ያለበት የቲማቲም ስልስ)፣ አሊዮ ኤ ኦሊዮ (ነጭ ሽንኩርትና ዘይት)፣ ብሩስኬታ (ቲማቲም የተደረገበት የተጠበሰ ዳቦ)፣ እና ፒዛ ማሪናራ። ማሪናራ በስሟ ባሕር ብትጠራም ዓሣ የላትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ናት። «ያለ አይብ አድርጉልኝ» ተብላ እንደ ጎደሎ የምትመጣ ፒዛ ሳትሆን ድሮውንም አይብ ያልነበራት ናት። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መነገር አለበት፦ መጥበሻው ለብቻ ይሁን፤ ቅቤ የቀለጠበት መጥበሻ በሶፍት ተጠርጎ ሲመለስ ጾም አይሆንም።

ትሪ በግራ
ረቡዕና ዓርብ ልክ ብላለች። ከመስተንግዶ በኩል ልጨምር፦ ጾሙን ወንበር ስትይዙ ሳይሆን ስትደውሉ ንገሩ። ትንሽ ቤት ውስጥ ለጾም የተለየ ስልስ የሚኖረው ከታወቀ ብቻ ነው።

ሌላው፣ አራት ሰው አራት ዓይነት ፓስታ አይዘዝ። እንዲህ ያለ ቤት አንድ አብሳይና አራት ምድጃ ነው ያለው፤ አንዱ ላይ የመቀቀያው ድስት አለ። ሦስት መጥበሻ ለአራት ዓይነት አይበቃም። ስለዚህ ሁለት ሰው እየበላ ሁለቱ ያያል፤ ወይም ሁሉም እስኪሟላ የመጀመሪያው በርዶ ይጠብቃል። ሁለት ዓይነት እዘዙ፣ በአንድ ላይ ይወጣል።

የጃንተከል ጥላ
አሊዮ ኤ ኦሊዮ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ከሆነ ለምን ውጭ ወጥቼ ልክፈልበት? ቤቴ አልሠራውም?

ጨው በሊትር
ትሠሪዋለሽ፤ ብዙ ሰውም ያበላሸዋል። አንድ አብሳይ የሚፈተነው በዚህች ነው፤ የምትደበቅበት አይብ የላትም። ለአንድ ሰው 100 ግራም እስፓጌቲ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በስሱ የተከተፈ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ አንድ ደረቅ ቃሪያ። ሽንኩርቱ ገና ባልሞቀ ዘይት ላይ ይገባና በዝግታ ይሞቃል። ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር እሳቱ ይጠፋል፤ ከቡኒ አለፈ ማለት መረረ ማለት ነው፣ መመለሻም የለውም። ከዚያ የመቀቀያው ውኃ፣ ግማሽ የቡና ስኒ ያህል፣ ይገባና መጥበሻው በኃይል ይወዛወዛል። ዘይቱና ውኃው ተዋህደው እንደ ስስ አጥሚት ይሆናሉ። ሳህኑ ላይ ያንን ለስላሳ ሽፋን ካየሽ ያ ቤት ሙያ አለው። ሥሩ ላይ ዘይት ኩሬ ከሠራ ሌላ ምግብም አያምርለትም።

በደረቅ ቃሪያ ፈንታ ሚጥሚጣ የሚነሰንሱ አሉ። ሚጥሚጣ ኮረሪማና ጨው ስላለበት ጣዕሙን ይዞት ይሄዳል፤ ጥሩ ምግብ ይሆናል፣ ግን ሌላ ምግብ ነው። በሶብላም እንደዚሁ። የባዚሊኮ ዘመድ ነው፣ ሽታው ግን ወደ ሽሮ ይወስዳል። የጥብስ ቅጠልማ እዚያም እዚህም ያው ነው፤ ፎካቻ (የጣልያን ጠፍጣፋ ዳቦ) ላይ ሲያገኙት ሰዎች ይገረማሉ።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ
ስልሱ ላይ ጥያቄ አለኝ። እዚህ የሚቀርበው ቀይ ስልስ አብዛኛው ጣፋጭና ወፍራም ነው፤ ወጥ ወጥ ይላል።

ጨው በሊትር
ምክንያቱም እንደ ወጥ ስለሚሠራ ነው። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይቁላላል፣ ዶማቲ ይጨመራል፣ ያበቃል። ጥፋት አይደለም፤ የአገራችን ስልስ ነው፣ ከእንጀራም ከዳቦም ጋር ይሄዳል። የጣልያኑ ቀይ ስልስ ግን ቲማቲሙ ነው የሚናገረው፤ ለ1 ኪሎ የበሰለ ቲማቲም አንዲት ትንሽ ሽንኩርት ወይም ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ትበቃለች፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበስላል። ዶማቲ ከገባ ደግሞ ፈሳሹ ከመምጣቱ በፊት ዘይት ላይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መጠበስ አለበት፤ ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ሸክላ ይዞራል። ሳይጠበስ ውኃ የተጨመረበት ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ያንን ለማጥፋት ነው ስኳር የሚጨመረው፤ ጣፋጭነቱ የመጣው ከዚያ ነው።

የሥጋው ስልስ፣ ራጉ ወይም ቦሎኔዜ የሚባለው፣ ነገሩ ሌላ ነው። በቦሎኛ ከተማ ንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 የተመዘገበ አሠራር አለው፤ የበሬ ሥጋ፣ ፓንቼታ፣ ካሮት፣ ሰለሪ፣ ሽንኩርት፣ ወይን ጠጅ፣ ወተት፣ ትንሽ ቲማቲም። ፓንቼታ የአሳማ ነው። ስለዚህ አሳማ ለማይነካው እንግዳሽ «የበሬ ብቻ ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ወይን ጠጅ ለማይፈልግም እንዲሁ። ካርቦናራማ (በእንቁላልና በአይብ የሚሠራው ፓስታ) ሥሩ የአሳማ ጉንጭ ነው። በበሬ ሥጋ ተክተው ሲሠሩት ይቻላል፤ ክሬም ሲጨመርበት ግን ካርቦናራ መሆኑ ይቀራል። ክሬሙ የሚጨመረው እንቁላሉ እንዳይቋጠር በመፍራት ነው፤ እሳት ላይ እያለ እንቁላል ከተደፋበት ፍርፍር ይሆናል፣ ከእሳት ወርዶ ቢሆን ግን በፓስታው ሙቀት ብቻ ይወፍራል።

እዚህ ራጉ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ 93 ዲግሪ ላይ ሥጋ ቶሎ አይፈታም። «ቦሎኔዜ በ15 ደቂቃ» የሚል ቤት ወይ ማልዶ ሠርቶታል፣ ወይ የተፈጨ ጥብስ ነው የሚያቀርብልሽ። ማልዶ የሠራው ይሻላል።

ረቡዕና ዓርብ
ላዛኛ ውስጥ በሪኮታ ፈንታ አይብ የሚጨምሩት ነገርስ? ለጾም ባይሆንም ልጠይቅ።

ጨው በሊትር
ሪኮታ አይብ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው አጓት እንደገና ሞቆ የሚወጣ ነው፤ ጣፋጭና ርጥብ ነው። የእኛ አይብ ከአሬራ ስለሚወጣ ኮምጠጥ ይላል፣ ቶሎም ይደርቃል። እንዳለ ቢገባ ላዛኛው ውስጥ እንደ አሸዋ ይፈረፈራል። በሻሽ ተጠንፍፎ፣ በ4 እጅ አይብ 1 እጅ ክሬም ወይም ወተት ታሽቶ ሲገባ ይመጣል። ላዛኛ ተቆርጦ ሲቀርብ ሳህኑ ላይ ውኃ ከለቀቀ ከፉርኖ እንደወጣ ተቆርጧል፤ 15 ደቂቃ ማረፍ ነበረበት።

ሸራ ወጣሪ
ስለ ምግቡ ብዙ ተባለ፤ ወደ ግድግዳው እንምጣ።

ጃንተከል፣ ለወንበር ምርጫ ቀላል ልክ አለ። የሥዕሉን ማዕዘን ከማዕዘን ርቀት በዓይንሽ ለኪና ከዚያ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ራቂ። 100 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ ማዕዘን ከማዕዘን 156 ያህል ነው፤ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ርቀሽ ነው ሙሉውን የምታዪው። ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር ያለው ወንበር ለሥዕል አፍቃሪዋ የመጨረሻው ወንበር ነው። ከሥሩ የተቀመጠው ሥዕሉን ሳይሆን ሥዕሉን የሚያዩትን ነው የሚያየው። ከሥዕሉ ትይዩ ላለው ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ። መስታወት ያለው ሥራ ከሆነ መስኮቱ ከኋላዋ አይሁን፤ የምታየው የፒያሳን ባጃጅ ይሆናል።

ሰዓት ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ድረሱ። ቀለም በተፈጥሮ ብርሃን ይታይ፤ ሲመሽ አምፖሉ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው ግራጫ ይሆናል።

ቤቱ ራሱ ሥዕሉን እንደሚያከብር የምታውቂባቸው ምልክቶች አሉ። ሙዚየም ውስጥ የሥዕል መኻል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሰቀላል፤ ያ ለቆመ ሰው ነው። የተቀመጠ ሰው ዓይን 120 ላይ ስለሆነ ምግብ ቤት ውስጥ ዝቅ ይላል፣ ግን የታችኛው ጠርዝ ከወንበር መደገፊያ ቢያንስ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት። የሸራውን የታች ጠርዝ እዩ፤ በአንድ መስመር የተፋቀ ቀለም ካለ ወንበሩ ሲገፋ የበላው ነው። ሸራው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከተሰቀለ ደግሞ ክረምት ላይ እርጥበቱ ከጀርባ ይበላዋል፤ ከአራቱ ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ ተለጥፎ ጣት የምታህል ክፍተት ሲኖር አየር ያልፋል።

ዋና ጠላት ግን ኩሽናው ነው። የዘይት ላቦትና የፉርኖ ጢስ አንድ ላይ ሆነው ቀለሙ ላይ የሚጣበቅ ሽፋን ይሠራሉ፣ አቧራ ያርፍበታል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነጩ ቅቤ ይመስላል። የጀበና ቡና ጥግ ያለበት ቤት ከሆነ ዕጣኑም አለ፤ ዕጣን ሙጫ ነው፣ ጢሱ ሄዶ ቀለም ላይ ይቀመጣል። ከኩሽና በሩ ሦስት ሜትር ውስጥ ሥዕል ካዩ ባለቤቱ አልጠየቀም ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል ቤትም አለ፤ ያ ማጽዳት ሳይሆን መፋቅ ነው። ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ብቻ።

የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫችሁን ከመታው ሥዕሉ ገና አልደረቀም። ወፍራም ዘይት ቀለም ለመድረቅ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ተርፐንታይን የሚሸት ክፍል ውስጥ ደግሞ የወይራ ዘይት መቅመስ አይቻልም። አክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥነው ቀለም) ይህ ችግር የለበትም።

ዘጠኝ ባር
መብራት ሲጠፋስ? ሻማ ያበራሉ፣ ሻማውን ሥዕሉ ሥር።

ሸራ ወጣሪ
ጥላሸት። አንሡት በሏቸው።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ
አሁን እውነቱን እንነጋገር። «ዘመናዊ ሥዕል» እያሉ ግድግዳ ላይ ጆንያ ሰቅለው፣ የጤፍ ጆንያ! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ላደገ ሰው ይህ ሥዕል ነው? እዚያ የመላእክቱ ዓይን በየሄድክበት ይከተልሃል።

ሸራ ወጣሪ
ጥሩ መጣህ። ጆንያው ራሱ የጣልያን ነገር ነው። አልቤርቶ ቡሪ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ አሜሪካ ቴክሳስ ታሰረ። ሥዕል የጀመረው እዚያ ነው፣ ሸራ ስላልነበረም ጆንያ ላይ። ኋላ አገሩ ሲመለስ የተቀደደና የተጣፈ ጆንያን ሥራው አደረገው፤ ስፌቱን እንደ ቁስል ስፌት ነው የሚያየው የሚሉ አሉ። ሉቾ ፎንታናም ሸራውን በምላጭ ሰንጥቆ ሰቀለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ። አስተናጋጅ «ተቀዶ ነው፣ እንጠግነው» ቢል አይፈረድበትም።

ደግሞ የደብረ ብርሃን ሥላሴው ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕልም እኮ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። በጨርቅና በግድግዳ መካከል ያለው ወሬ ለጎንደር አዲስ አይደለም።

የእኛ ዘመናዊያንም ከሌላ ቦታ አልወደቁም። ገብረክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በ1950ዎቹ ረቂቅ ሥዕልን ይዘው መጡ፣ ሁለቱም በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው በአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደላችንን ራሱን ሥዕል አድርጎታል፤ የሚነበብ ቃል ፈልገህ ከደከምክ ፊደሉን እንደ ሰው አቋቋም እየው፣ እግሩን፣ አንገቱን፣ የታጠፈ ክንዱን።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ
ጆንያውን ተቀብያለሁ። ግን ግማሹ ህትመት ነው፣ እንደ ኦሪጅናል እየተሰቀለ።

ሸራ ወጣሪ
ይህ ልክ ነው። የስልክህን መብራት ከጎን፣ ከሸራው ጋር ሊጣበቅ ትንሽ ሲቀረው አብራ። በእጅ የተሠራ ከሆነ ብሩሹ የተወው ጉብታ ጥላ ይጥላል። ህትመት ላይ ጥላ የለም፤ ጠጋ ብለህ ስታይ ቀለሙ በነጠብጣብ ነው። ጄል የተቀባበት ህትመትም አለ፣ ጉብታ አለው፤ ግን ጉብታው ከቀለሙ ጋር አይሄድም፣ ቀይ ሰማያዊውን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ጉብታው ዝም ብሎ ያልፋል። (ሥዕሉን አትንካ፤ የጣት ላብ ምልክት ይተዋል።)

ደረሰኝ
ከሕግ በኩል አጭር ነገር። ሸራውን መግዛት የቅጂ መብቱን መግዛት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የማባዛት መብት የሠዓሊው ነው። ምግብ ቤቱ የገዛውን ሥዕል ሜኑ ላይ ወይም ቲሸርት ላይ ማተም ከፈለገ የሠዓሊውን ፈቃድ በጽሑፍ ይይዛል። ለሽያጭ በአደራ የተሰቀለ ከሆነ ደግሞ ዋጋው፣ የቤቱ ድርሻ፣ ወጥ ቢፈስበት ማን እንደሚከፍል በወረቀት ይስፈር። ወጥ ይፈሳል።

ሒሳቡም፦ ሜኑ ላይ «ተ.እ.ታን አይጨምርም» ካለ 15 በመቶ ይመጣል፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ካለ እሱም። ተ.እ.ታው ከነአገልግሎቱ ከተሰላ የ600 ብር ምግብ መጀመሪያ 660፣ ከዚያ 759 ይሆናል። 25 በመቶ ብሎ በጭንቅላቱ 750 ያሰበ ሰው 9 ብር ልዩነት ሲያይ ይጨቃጨቃል፤ አይጨቃጨቅ።

የጃንተከል ጥላ
አንዳንዱ ቤት «የጣልያን ድባብ» ብሎ የድሮ የጣልያን መኮንኖችን ፎቶ ይሰቅላል። ያኛው አይቀፋችሁም?

ትሪ በግራ
ይቀፋል። ጣልያን 1928 ገብቶ ኅዳር 1934 እጁን የሰጠው እዚችው ከተማ ነው። ፒያሳ ላይ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ ሕንፃ ሕንፃ ነው፣ ይሠራበታል። «ፒያሳ»፣ «ፉርኖ»፣ «ማኪያቶ»፣ «አውቶ ፓርኮ» ስንልም አፋችን አይሰናከልም። የገዳይን ፎቶ ደርድሮ ራት ማብላት ግን ሌላ ነው። የዘመኑ የኢትዮጵያ ሠዓሊ ሥራ የተሰቀለበት የጣልያን ምግብ ቤት የሚያምረው በዚህም ነው፦ ፓስታውን ወሰድን፣ ግድግዳውን ግን የእኛ ሰው ያዘው።

ሸራ ወጣሪ
አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1930 ፊሊፖ ቶማዞ ማሪኔቲ የሚባል የጣልያን ፉቱሪስት (ማሽንና ፍጥነትን የሚያወድስ የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ ሰው) ፓስታ ይወገድ ብሎ አዋጅ አወጣ፤ ሰውን ያፈዛል፣ ያሰንፋል ብሎ። በዓመቱ ቶሪኖ ውስጥ ግድግዳው በአሉሚኒየም የተለበጠ ምግብ ቤት ከጓዶቹ ጋር ከፈተ። የአርቲስቶች ምግብ ቤት ሁሉ ምግቡ ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው። ፓስታው አሸንፏል።

ዘጠኝ ባር
የፒዛውን ነገር ማንም አልነካውም። ናፖሊ ላይ ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ባለው የእንጨት ፉርኖ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው። የኤሌክትሪክ ፉርኖ 300 ዲግሪ ካልሞላ 7 ደቂቃ ይቆያል፣ ሊጡ እየደረቀ ብስኩት ይሆናል። ፒዛውን በቢላ ጫፍ አንሥታችሁ ሆዱን እዩ፤ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ካለው ድንጋዩ ሞቋል። ወጥ በሆነ መልኩ የገረጣ ከሆነ ፉርኖው ሳይደርስ ገብቷል። መኻሉ ላይ ውኃ የሚያቁር ከሆነ ሞዛሬላው ሳይጠነፈፍ ገብቷል። ሊጡም እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቶሎ ይነፋል፤ እርሾው በሩብ ካልተቀነሰ ይኮመጥጣል፣ ጠርዙም ይተነፍሳል።

መብራት ከሌለ ደግሞ የሚያዋጣው የጋዝና የእንጨት ምግብ ነው፦ ፓስታና ፒዛ። ቡናው ማሽኑ ካልሠራ በጀበና ጠጡ፤ ማሽኑ ጀነሬተር ላይ ከሆነም የፓምፑ ግፊት 9 ባር መድረሱን በክሬማው (ቡናው ላይ በሚቀመጠው አረፋ) እወቁ። ኤስፕሬሶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ይወርዳል፤ በ12 ሰከንድ ከወረደ ገርጥቶ ይኮመጥጣል፣ 40 ካለፈ ይመራል። «ማኪያቶ» ስትሉም ቤቱ የሚሰጣችሁ የእኛው ወተት የበዛው ይሆናል፤ የጣልያኑ ኤስፕሬሶ ላይ የአረፋ ጠብታ ብቻ ነው። የእኛን ውደዱት፣ ግን ከላዛኛ በላይ አይጠጣም፣ ሆድ ይነፋል።

የጃንተከል ጥላ
እንግዲህ ሐሳቤን ላስተካክለው። ደውዬ ጾም መኖሩን ልናገር። 11 ሰዓት መድረስ። ለጾመኞቹ አሊዮ ኤ ኦሊዮ ሁለት፣ ለሁለቱ ራጉ በታሊያቴሌ፣ የበሬ ብቻ ከሆነ። መኻል ላይ አንድ ማሪናራ ለሁሉም። ይበቃል?

ትሪ በግራ
ይበቃል። አንድ ድርሻ ከ80 እስከ 100 ግራም ነው፣ ትንሽ መስሎ ይመጣል፤ ስለዚህ ማሪናራዋ መጀመሪያ ትምጣ በይ፣ ካልሆነ መጨረሻ ትመጣለች። ለሥዕል አፍቃሪዋ ያለውን ወንበር ስትደውዪ ያዢ። ፓስታው እንደመጣ ብሉ፤ 5 ደቂቃ ፎቶ ከተነሣበት ስልሱን ጠጥቶ ይደርቃል። ጉርሻም ይቻላል፣ እስፓጌቲ ግን ሹካ ላይ ሦስት ፍሬ ብቻ ተጠቅልሎ፤ ከዚያ ከበዛ ነጭ ሸሚዝ ላይ ያልቃል።

ሸራ ወጣሪ
ወይም ሸራው ላይ።